ቅዱስ ያሬድና የዜማው ሥርዓት

ከፎገራ ሜዳ፣ ከወረታ ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ጋይንት የሚወጣ መንገደኛ ጥንታውያን የዜማ ጉባኤያት ወዳሉበት አገር ይገባል። በቤተ ልሔም ድጓ፣ በዙር አባ ዝማሬና መዋሥእት ይመሰከርባቸዋል። የእነዚህ ሁሉ ምንጭ በ6ኛው መቶ ዘመን በአክሱም የተወለደው ቅዱስ ያሬድ ነው።

ትውፊት እንደሚያወሳው ያሬድ በሕፃንነቱ ትምህርት አልገባ ብሎት ከአጎቱ ከመምህር ጌዴዎን ኰበለለ። ከዛፍ ሥር ዐርፎ ሳለ አንድ ትል ደጋግሞ እየወደቀ በመጨረሻ ከፍሬው ሲደርስ አይቶ ተመለሰ። በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን የዜማ ስልቶች ደረሰ፤ ድጓውንም በዓመቱ በዓላትና አጽዋማት ተራ አደራጀ። ኋላም ወደ ሰሜን ተራሮች መንኖ ሄደ።

ድርሰቱን ያጸናው ይህ ሥርዓት ነው። በእርሱ ላይ በተመሠረተው አቋቋም አንዱ ቃል መጀመሪያ በቁም ዜማ ይባላል፤ ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘመማል፤ ከበሮና ጸናጽል ሲገቡ በመረግድ ረጋ ብሎ ይሄዳል፤ በጽፋት ይፈጥናል። አዲስ ቃል ሳይጨመር ዜማው ያድጋል። ገና ከመነሻው ድምፁን ሁሉ የሚያወጡ የዛሬ መዝሙር ደራስያን ይህን ቢያጤኑት መልካም ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እስኪያደራጁ ድረስ፣ አንድ ሺህ ዓመት ያህል ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የተላለፈው በቃል ነበር።