ከስፒነሮች ሁሉ ማን ይበልጣል? ሰንጠረዡ ላይ ስሙ የሌለው ሰው

ክሪኬት ወዳጆች ዘንድ የማያልቅ ክርክር አለ። በአንድ ቀን ዓለም አቀፍ ጨዋታ ከስፒነሮች ሁሉ ማን ይበልጣል? ሙራሊታራን? ዋርን? ራሺድ ካን? እኛ ዛሬ አንድም እንዲህ ዓይነት ጨዋታ ሳይጫወት የሞተ ሰው ይዘንላችሁ መጥተናል። በርናርድ ቦዛንኬት ይባላል።

ክሪኬት ለማታውቁ ባጭሩ እንንገራችሁ። ወርዋሪው ኳሷን መሬት አንጥሮ ወደ መቺው ይልካል። መቺውን ከሜዳ ካስወጣው አንድ «ዊኬት» አገኘ ይባላል። አንዳንዱ ወርዋሪ በፍጥነት ይተማመናል። ስፒነር ግን ቀስ ብሎ ይወረውርና ኳሷን በጣቱ ወይም በእጅ አንጓው ያሾራታል። መሬት ስትነካ ትታጠፋለች። መቺው ወዴት እንደምትታጠፍ የሚገምተው የወርዋሪውን እጅ አይቶ ነው።

ቦዛንኬት ይሄን ግምት ነው ያፈረሰው።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1877 እንግሊዝ አገር ነው። ኦክስፎርድ ተማሪ እያለ አንድ የጠረጴዛ ጨዋታ ይዞት ነበር። የቴኒስ ኳስ ጠረጴዛ ላይ አንጥረህ ከማዶ ያለው ሰው እንዳይዛት ማድረግ ነው፤ በቃ። እዚያ ላይ እያለ ነገሩ በራለት። እጁ ኳሷን ወደ አንድ ጎን የሚያሾር እየመሰለ፣ እሷ ወደ ሌላው ጎን ትታጠፍለት ጀመር። ከጠረጴዛ ወደ ሜዳ ለማምጣት ግን ዓመታት ፈጀበት።

በ1900 ሎርድስ ሜዳ ላይ ሞከራት። መቺው 98 ነጥብ ላይ ነበር፤ መቶ ሊሞላ ሁለት ቀርቶታል። የቦዛንኬት ኳስ መሬቱን አራት ጊዜ ነጥራ ደረሰች። መቺው ግን ወጣ! ብዙ ሰው እንደ ቀልድ ነው ያየው።

ቀልዱ ብዙ አልቆየም። በ1904 ሲድኒ ላይ 51 ነጥብ ብቻ ሰጥቶ 6 አውስትራሊያዊ አስወጣ፤ እንግሊዝም የአሽስ ዋንጫን መለሰች። በ1905 ኖቲንግሃም ላይ ደግሞ 8 ዊኬት ወሰደ። ኳሷ «ጉግሊ» የሚል ስም ወጣላት። አውስትራሊያዎች ግን በእሱ ስም «ቦዚ» አሏት።

ከዚያ በኋላ ቦዛንኬት ኳሷን እንደ ልቡ ማዘዝ አቃተው። መወርወሩን ትቶ ወደ መምታት አዘነበለ። ለአገሩ የተጫወተው 7 ጨዋታ፣ ያገኘው 25 ዊኬት ብቻ ነው። በ1936፣ 59 ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው አረፈ።

ኳሷ ግን ከእጁ ወጥታ ነበር። የክለብ ጓደኛው ሬጂ ሽዋርዝ ተምሯት ደቡብ አፍሪካ ይዟት ሄደ። በ1906 ደቡብ አፍሪካ በጉግሊ ወርዋሪዎቿ እንግሊዝን ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፈች።

የመጀመሪያው የአንድ ቀን ዓለም አቀፍ ጨዋታ የተካሄደው በ1971 ሜልቦርን ላይ ነው፤ ቦዛንኬት ከሞተ ከ34 ዓመት በኋላ። አሁን ወደ ክርክሩ እንመለስ።

ቁጥር ካያችሁ አሸናፊው ግልጽ ነው። የስሪላንካው ሙራሊታራን 534 ዊኬት አለው፤ የሚበልጠው የለም። በ2000 ሻርጃ ላይ ህንድን 30 ነጥብ ሰጥቶ 7 ሰው አስወጥቶባታል። የህንዱ ቢሻን ቤዲ ግን በጠቅላላው 7 ዊኬት ብቻ ነው ያለው። ታዲያ ቤዲ ደካማ ነበር? ሙራሊታራን 350 ጨዋታ ተጫውቷል፣ ቤዲ 10። በ1975 የዓለም ዋንጫ ቤዲ በምሥራቅ አፍሪካ ቡድን ላይ 72 ኳስ ወርውሮ የሰጠው 6 ነጥብ ብቻ ነው። ዛሬ 6 ነጥብ በአንድ ምት ይገኛል። በእርግጥ ከኬንያ፣ ዩጋንዳ፣ ታንዛኒያና ዛምቢያ የተውጣጣው ያ ቡድን አብዛኛው አማተር ነበር።

ሕጉም ተቀያይሯል። ያኔ አንድ ወርዋሪ እስከ 72 ኳስ ይፈቀድለት ነበር፣ አሁን 60። መቺዎቹም ያኔ እንዲህ ደፋር አልነበሩም። ስለዚህ ሁለት ዘመን በአንድ ሰንጠረዥ ሲለካ አንዱ ይበደላል።

እኛ የምንለው ሌላ መለኪያ አለ ነው፤ ከኋላው ለሚመጡት ምን ትቶ ሄደ? የፓኪስታኑ አብዱል ቃዲር 132 ዊኬት ሲሰበስብ፣ በ2017 የአፍጋኒስታኑ ራሺድ ካን ዌስት ኢንዲስን 18 ነጥብ ሰጥቶ 7 ሲያስወጣ፣ በእጃቸው ያለችው ያቺው የጠረጴዛ ኳስ ናት።

በአንድ ቀን ጨዋታ ሰንጠረዥ ላይ የቦዛንኬት ቁጥር ዜሮ ነው። እሱ ባይኖር ግን የስንቱ ቁጥር ይቀንስ ነበር?

ዱባይና ሻርጃ ያላችሁ ቤተሰቦቻችን፣ ሜዳ ላይ ሲጫወቱት ሳታዩ አትቀሩም። የእናንተ ምርጥ ስፒነር ማነው? ኮመንት ላይ ጻፉልን።