የሮበርት ሞሪስ ዕዳ

ሮበርት ሞሪስ በአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ገንዘቡን አፍስሶ ደኸየ ይባላል። እኛ አንስማማም።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1734 በሊቨርፑል ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የተሻገረው ይህ ሰው፣ በፊላዴልፊያ የንግድ ቤት ከተለማማጅነት ወደ ሸሪክነት ደረሰ፤ ቤቱ ባሪያም ይሸጥ እንደ ነበረ አንሸሽግም። በ1776 የነፃነቱ አዋጅ ድምፅ ሲሰጥበት ጊዜው ገና ነው ብሎ ቀረ፤ ከወር በኋላ ግን ፈረመ። በ1781 የገንዘብ ሹም ሲሆን ካዝናው ባዶ ነበረና፣ ወደ ዮርክታውን ለሚዘምተው የዋሽንግተን ጦር ስንቁን በገዛ ፊርማው በዱቤ አስገኘ፤ ነጋዴው መንግሥትን ባያምን የሞሪስን ወረቀት ያምን ነበር።

ያደኸየው ይህ አይደለም። በ1790ዎቹ ሚሊዮን በሚቆጠር ኤከር መሬት በብድር ገዛ፤ ሊሸጠው ቢል ገዢ ጠፋ፤ በ1798 የባለዕዳዎች ወህኒ ገባ። ዋሽንግተን እዚያው ድረስ ሄዶ አብሮት ማዕድ ቆረሰ። በ1801 ሲፈታ ከዚያ ሁሉ ሀብት የተረፈው አልነበረም፤ በ1806 ሞተ።