አልፍሬድ ኖቤልና ናይትሪክ ኦክሳይድ፦ ከፈንጂ ፋብሪካ እስከ ደም ሥር

አልፍሬድ ኖቤል እ.ኤ.አ. በ1833 በስቶክሆልም ተወለዱ። ያደጉት ግን አባታቸው የባሕር ፈንጂ ያመርቱባት በነበረችው በሴንት ፒተርስበርግ ነው። ኬሚስትሪን ካጠኑ በኋላ ትኩረታቸው ጣሊያናዊው አስካኒዮ ሶብሬሮ በ1847 ባገኙት ናይትሮግሊሰሪን በተባለ ፈሳሽ ላይ ዐረፈ። ፈሳሹ በጥቂት ንቅናቄ የሚፈነዳ ነበርና በ1864 በስቶክሆልም የነበረው መሥሪያቸው ጋይቶ የታናሽ ወንድማቸው የኤሚልና የሌሎች ሰዎች ሕይወት አለፈ። ኖቤል ምርምሩን አልተዉም፤ ፈሳሹን ከሚመጥ አፈር ጋር አዋሕደው ድማሚትን ሠሩ፤ በ1867ም የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኙበት።

ናይትሮግሊሰሪን ሌላም ጠባይ ነበረው። ሶብሬሮ ጥቂት ቀምሰው ብርቱ ራስ ምታት እንደሚያስከትል አስተውለዋል፤ በፈንጂ ፋብሪካ ሠራተኞችም ላይ ይኸው ታይቷል። በ1879 ደግሞ የለንደኑ ሐኪም ዊልያም መረል፣ ለልብ የሚደርሰው ደም ሲያንስ የሚመጣውን የደረት ሕመም እንደሚያስታግስ ጽፈው አሳወቁ። ኖቤል በሕይወታቸው ማብቂያ የልብ ሕመም ሲጸናባቸው ሐኪሞች ያዘዙላቸው ይህንኑ ንጥረ ነገር ነበር። ለረዳታቸው ለራግናር ሶልማን በጻፉት ደብዳቤም ነገሩን የዕጣ ፈንታ ምጸት አድርገው ገለጹት። ብዙም ሳይቆዩ ዲሴምበር 10 ቀን 1896 በጣሊያን፣ ሳን ሬሞ ዐረፉ።

የመድኃኒቱ አሠራር የተገለጠው እጅግ ዘግይቶ ነው። በ1977 ፈሪድ ሙራድ ናይትሮግሊሰሪን ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ እንደሚለቅ አሳዩ። በ1980 ሮበርት ፈርችጎት የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን ጡንቻውን የሚያላላ መልእክት እንደሚልክ አረጋገጡ። በ1986 ፈርችጎትና ሉዊስ ኢግናሮ መልእክተኛው ናይትሪክ ኦክሳይድ ራሱ መሆኑን አመለከቱ። የደም ሥር ሽፋን ይህን ጋዝ አርጂኒን ከተባለው አሚኖ አሲድ ያመርታል። ጋዙ ወደ ጡንቻ ሕዋስ ዘልቆ ሳይክሊክ ጂኤምፒ እንዲመረት ያደርጋል፤ በሕዋሱ ውስጥ ያለው ካልሲየም ይቀንሳል፤ ጡንቻው ይላላል፤ የደም ሥሩም ይሰፋል። በዚህም የደም ግፊት ይመጠናል፣ የልብ የሥራ ጫናም ይቀላል።

ስለዚህ የሠራተኞቹ ራስ ምታትና የሕሙማኑ እፎይታ ከአንድ ምንጭ፣ ይኸውም ከደም ሥር መስፋት፣ የመጡ ነበሩ። እንደ ጉዳት ብቻ የተቆጠረው ምልክት ለመድኃኒቱ አሠራር ጠቋሚ ነበር። ምሥጢሩን የፈቱት ሦስቱ ተመራማሪዎች በ1998 የተቀበሉትም ኖቤል በ1895 በፈረሙት ኑዛዜ ያቋቋሙትን ሽልማት ነው።