ከዋክብት ከምን እንደተሠሩ ያወቀችው ሴት

በዚህ ዕትም የማካፍላችሁ የሲሲሊያ ፔይንን ታሪክ ነው። ሙያዋ ከእኛ ሥራ የራቀ ይመስላል፤ የደረሰባት ግን ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም።

ሲሲሊያ እ.ኤ.አ. በ1900 በእንግሊዝ አገር ዌንዶቨር በምትባል ከተማ ተወለደች። የአራት ዓመት ልጅ ሳለች አባቷ ሞቱ፤ እናቷ ሦስት ልጆች ብቻቸውን አሳደጉ። በ1919 ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝታ ካምብሪጅ ገባች። እዚያም የፀሐይ ግርዶሽ ሊለካ እስከ ምዕራብ አፍሪካ ደሴት ሄዶ የተመለሰውን የአርተር ኤዲንግተንን ንግግር ሰማችና ልቧ ወደ ሰማይ ተሳበ። ትምህርቷን ብትጨርስም ዲግሪ አልተሰጣትም፤ ካምብሪጅ ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ መስጠት የጀመረው በ1948 ነውና።

በ1923 ወደ አሜሪካ ተሻግራ በሃርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ሥራ ጀመረች። እዚያ የከዋክብት ብርሃን በመስታወት ላይ በፎቶግራፍ ተነሥቶ ተከማችቶ ነበር። የኮከብ ብርሃን በፕሪዝም ሲያልፍ እንደ ቀስተ ደመና ይዘረጋል፤ በቀለማቱ መካከልም ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ይታያሉ። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር እንደ ጣት አሻራ የራሱ መስመሮች አሉት። አኒ ጃምፕ ካነን የምትባል ሴት ከ225,000 በላይ ከዋክብትን በእነዚህ መስመሮች በየዓይነታቸው መድባ ነበር። ሲሲሊያ የተነሣችው ከዚህች ሴት ልፋት ላይ ነው።

በዚያ ዘመን ሊቃውንቱ በፀሐይ ብርሃን ውስጥ የብረት መስመሮች በዝተው ስላዩ ከዋክብት የተሠሩት ምድር ከተሠራችበት ነገር ነው ይሉ ነበር። ሲሲሊያ ግን የህንዳዊውን የሜግናድ ሳሃን ቀመር ይዛ ሌላ ነገር አየች። የመስመሩ መጉላት የንጥረ ነገሩን ብዛት ብቻ ሳይሆን የኮከቡንም ሙቀት ይናገራል። ሰማያዊ ሆነው የሚያበሩት፣ ዛሬ ወጣት መሆናቸውን የምናውቃቸው ከዋክብት እጅግ ስለሚሞቁ ሙቀቱ ከአተሞች ኤሌክትሮን ይገፍፋል። ስለዚህ የሃይድሮጅን መስመር ይደበዝዛል፣ የሂሊየም ይጎላል። ቀዝቀዝ ባሉት ላይ ደግሞ የብረታ ብረት መስመር ይበዛል። የሙቀቱን ድርሻ በስሌት ስትለየው ከዋክብት በአብዛኛው ሃይድሮጅንና ሂሊየም ሆነው ተገኙ፤ በእሷ ስሌት ሃይድሮጅን ከብረታ ብረቶቹ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይበልጥ ነበር።

የዶክትሬት ጽሑፏ በ1925 ከመታተሙ በፊት ታላቁ የሥነ ፈለክ ሊቅ ሄንሪ ኖሪስ ራስል አይቶት ይህ ሊሆን አይችልም አላት። እሷ ገና ወጣት፣ እንጀራዋም በእንዲህ ያሉ ሰዎች ቃል ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ስለዚህ ያ ውጤት በእርግጥ እውነት አይመስልም ብላ በገዛ እጇ ጻፈች። በ1929 ራስል ራሱ በሌላ መንገድ ሄዶ እዚያው ደረሰ። የእሷን ሥራ ቢጠቅስም ምስጋናው ለረጅም ጊዜ የእሱ ሆኖ ቆየ። ሲሲሊያ ግን በኋላ ዘመኗ በእውነቷ ባለመጽናቷ የወቀሰችው ራሷን ነበር።

በሃርቫርድ ለዓመታት ስታስተምር የትምህርቷ ስም በዩኒቨርሲቲው መዝገብ አይገባም ነበር፤ ደመወዟም አነስተኛ፣ የሥራ መደቧም ረዳት ነበር። ከናዚ ጀርመን እንዲወጣ የረዳችውን ሰርጌይ ጋፖሽኪንን በ1934 አግብታ ሦስት ልጆች ወለደች፤ ምርምሩንም አላቋረጠችም። በ1956 ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነች፤ በሃርቫርድ የትምህርት ክፍል በመምራትም የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በ1979 አረፈች።

እህቶቼ፣ በስብሰባችን ላይ ስንቶቻችን ነን የቆጠርነውን ሒሳብ፣ በዓይናችን ያየነውን ነገር፣ ትልቅ ሰው ስለተቃወመን ብቻ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብለን የምንተወው? ስሕተት ከሆነ በማስረጃ እንታረም። ትክክል ከሆነ ግን ቃለ ጉባኤው ላይ ከነስማችን ይጻፍ። አንዷ ስትናገር ሌሎቻችን ከጎኗ እንቁም፤ ሲሲሊያ በዚያች ቀን ያጣችው ይህንን ነበርና።