የዳግማዊ ምኒልክ ሕመምና የተቋረጠው መልእክት

ዳግማዊ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ደፉ። አዲስ አበባንና ሐረርን 477 ኪሎ ሜትር በሚረዝም የስልክ መስመር አገናኙ። ይሁን እንጂ የአገሩን ርቀት በሽቦ ያቃለሉት ንጉሥ፣ በገዛ አካላቸው ውስጥ መልእክት ተቋረጠባቸው።

የአካል መልእክት እንደ ስልክ በአንድ ወጥ ሽቦ አይሄድም። ከአንጎል የተነሣው የኤሌክትሪክ ምልክት ከነርቭ ሕዋስ ጫፍ ሲደርስ ኬሚካል ያስለቅቃል። ኬሚካሉ ጠባቡን ክፍተት ተሻግሮ በጡንቻው ገጽ ላይ ካለው ተቀባይ ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። ፕሮቲኑም ቅርጹን ለውጦ ለሶዲየም ቅንጣቶች በር ይከፍታል፤ በዚህም አዲስ ምልክት ተነሥቶ ጡንቻው ይኮማተራል።

በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ምኒልክን የመታቸው ከባድ የአንጎል ምት የጎዳው የዚህን ሰንሰለት መነሻ ነው። ደም የተቋረጠበት የነርቭ ሕዋስ በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራል። ጡንቻውና ተቀባዩ ፕሮቲን በቦታቸው ቢገኙም፣ ላኪው ከጠፋ ክንድ አይነሣም፤ አንደበትም አይፈታም።

መንግሥቱም ተመሳሳይ ዕጣ ገጠመው። ንጉሡ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሾመው፣ በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ወራሻቸው አድርገው ነበር። ነገር ግን የመጨረሻው ትእዛዝ የሚወጣው ከእርሳቸው በመሆኑ፣ ድምፃቸው ሲዘጋ መኳንንቱ በሥልጣን ተሻኮቱ። አስታማሚያቸው እቴጌ ጣይቱም በ1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ ተገለሉ።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ሞታቸውም ከሕዝብ ተሰውሮ ቆየ። እቴጌይቱ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጥተው እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1910 ዓ.ም.፣ በዚያው ኖሩ።