የአካል ንቅለ ተከላን በር የከፈቱት ሳይንቲስት ፒተር ሜዳዋር

ኩላሊት የሚለግሳቸው ዘመድ ያገኙ ሕሙማን ሁሉ ወዲያውኑ ንቅለ ተከላ አይደረግላቸውም። ከዚህ በፊት ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው፣ ደም የወሰዱ ወይም የወለዱ ሕሙማን ሰውነት ከሌላ ሰው ሕዋስ ጋር አስቀድሞ ተዋውቆ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንደ ጠላት ቆጥሮ ፈጥኖ ያጠቃዋል።

የዚህን ምክንያት ለዓለም ካስረዱት ሳይንቲስቶች ግንባር ቀደሙ ፒተር ሜዳዋር ናቸው። በፈረንጆቹ 1915 ከሊባኖሳዊ አባትና ከእንግሊዛዊት እናት በብራዚሏ ፔትሮፖሊስ ከተማ ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ እንግሊዝ ተወስደው ያደጉ ሲሆን፣ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ አጥንተዋል።

የሕይወታቸውን አቅጣጫ የቀየረው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በመኖሪያቸው አቅራቢያ የጦር አውሮፕላን ተከስክሶ አንድ አብራሪ ክፉኛ ተቃጠለ፤ ሐኪሞችም የወጣቱን ሳይንቲስት ምክር ጠየቁ። ሜዳዋር ከሌላ ሰው የተወሰደ ቆዳ ለምን እንደማይጸና ለማወቅ ቆርጠው ተነሱ።

በግላስጎው ከተማ ከቀዶ ሐኪሙ ቶማስ ጊብሰን ጋር በመሆን የተቃጠለች አንዲት ሴትን ተከታተሉ። ከወንድሟ የተወሰደው የመጀመሪያው ቆዳ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ጠፋ። ከዚያው ወንድሟ ለሁለተኛ ጊዜ የተወሰደው ግን ከፊተኛው ፈጥኖ ጠፋ። በ1943 የታተመው ይህ ጥናት፣ ሰውነት የባዕድን አካል የሚገፋው በበሽታ መከላከያ ሥርዓቱ እንደሆነና ያንንም እንደማይረሳ አመላከተ።

ከአሥር ዓመት በኋላ ከሩፐርት ቢሊንግሃምና ከሌስሊ ብሬንት ጋር ተስፋ ሰጪ ውጤት አገኙ። ገና በማኅፀን ሳሉ የሌላ ዝርያ ሕዋስ የተወጉ አይጦች፣ ካደጉ በኋላ የዚያን ዝርያ ቆዳ ተቀበሉ። በሰው ላይ በቀጥታ የሚተገበር ሕክምና ባይሆንም፣ የሰውነት መከላከያ መቻቻልን ሊማር እንደሚችል አረጋገጠ። ሜዳዋር ለዚህ ሥራቸው በ1960 ከአውስትራሊያዊው ማክፋርሌን በርኔት ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ ከገንዘቡም ለሁለቱ ባልደረቦቻቸው አካፈሉ።

በ1969 የአንጎል ደም ዝውውር መታወክ ግማሽ አካላቸውን ቢጎዳውም፣ በ1987 በ72 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ምርምራቸውንና ጽሑፋቸውን አላቋረጡም።

በአቡ ዳቢም ሆነ በአዲስ አበባ ሐኪሞች ኩላሊት ከመንቀላቸው በፊት የታካሚውን ደም ከለጋሹ ሕዋስ ጋር የሚያመሳክሩት፣ ሰውነት የማይረሳ በመሆኑ ነው። በደሙ ውስጥ ለጋሹን የሚያጠቁ አንቲቦዲዎች ከተገኙ፣ አቅሙ ባላቸው ማዕከላት ደሙን በማጣራትና መከላከያውን የሚያለዝቡ መድኃኒቶችን በመስጠት ታካሚውን አስቀድሞ ማዘጋጀት ይቻላል። ዝግጅቱ ሁልጊዜ ባይሳካም፣ የሚሳካላቸው ሕሙማን በየሳምንቱ ከሚመላለሱበት የኩላሊት እጥበት ይገላገላሉ።