ክረምትና ወደብ፦ የሐበሻው አድሚራል የሲዲ ያቁት ኻን የባሕር ሕይወት

የወንጪ ሐይቅ ቀዛፊ መንገደኛውን በደሴቲቱ ላይ ወዳለው የቂርቆስ ገዳም ሲያሻግር ዳርቻው ከዓይኑ አይሰወርም። የኢትዮጵያ ደገኛ ከውኃ ጋር ያለው ትውውቅ ከእንዲህ ያለው ሐይቅ እንደማያልፍ ብዙ ጊዜ ይታሰባል። ሆኖም ከመሐል አገር በባርነት ተነድተው በምጽዋና በዘይላ በኩል የተሻገሩ ሰዎች በሕንድ ውቅያኖስ መርከቦች ላይ ለዘመናት ሠርተዋል። ኢብን ባቱታ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በምዕራብ ሕንድ በተሳፈረበት መርከብ 50 ሐበሻ ተዋጊዎች እንደነበሩና ወንበዴዎች እነርሱ ያሉበትን መርከብ እንደሚሸሹ መዝግቧል። በሕንድ ሐበሺ ወይም ሲዲ ከተባለው ከዚህ ማኅበረሰብ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስሙ የገነነው ሲዲ ቃሲም፣ በማዕረግ ስሙ ያቁት ኻን ነው።

ቃሲም በታሪክ ጎልቶ የሚታየው ከቦምቤይ በስተ ደቡብ ባለችው የጃንጂራ ምሽግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1670 አካባቢ የምሽጉ አዛዥ ፋትሕ ኻን ለማራታው መሪ ለሺቫጂ ሊያስረክባት ሲቃረብ፣ ሲዲ ሰንበል፣ ሲዲ ቃሲምና ሲዲ ኸይርያት አሠሩትና ለሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት ለአውራንግዜብ አደሩ። ሰንበል የመርከቦቹ አዛዥ ሲሆን ቃሲም ምሽጉን ያዘ። ጥቂት ቆይቶም ማራታዎች የወሰዱትን የዳንዳ ራጅፑሪ ምሽግ አስመለሰ፤ በ1670ዎቹ መገባደጃም የባሕር ኃይሉ አዛዥነት ወደ እርሱ ተላለፈ።

የሲዲዎቹ ኃይል በሁለት ዓይነት መርከብ ላይ የቆመ ነበር። ጉራብ የተባለው ባለሁለት ወይም ባለሦስት ምሰሶ መርከብ ከፊቱ መድፍ ይተክላል፤ ጋሊቫት የተባለው ትንሹ መርከብ ደግሞ ነፋስ ሲጠፋ በቀዛፊዎች ክንድ ይነዳል። መርከበኞቹ ሸራ ይዘረጋሉ፣ ይቀዝፋሉ፣ መድፍ ይተኩሳሉ፣ በሱራትና በጅዳ መካከል የሚመላለሱ የመካ ተጓዦችንም ያጅባሉ። ነገር ግን ከሰኔ እስከ መስከረም የሚነፍሰው የደቡብ ምዕራብ ሞንሱን ይህን ሁሉ ያስቆማል። በዚያ ወቅት መርከብ መጠለያ፣ መርከበኛም ማደሪያና ስንቅ ያስፈልገዋል። ጃንጂራ የማትደፈር ብትሆንም ከፊቷ ያለው የብስ በማራታዎች ይጠቃ ስለነበር አዛዦቹ ፊታቸውን ወደ ቦምቤይ አዞሩ።

እንግሊዞች ይህን ጥያቄ በጭንቀት ያስተናግዱ ነበር። እምቢ ቢሉ በሱራት ያለው ንግዳቸው በሙጋሎች እጅ ይወድቃል፤ እሺ ቢሉ ሺቫጂን ያስቆጣሉ። ስለዚህ የሲዲዎቹ መርከቦች በማዛጋኦን ይከርሙ ነበር። በ1679 ሺቫጂ በቦምቤይ ወደብ አፍ ያለችውን የካንደሪን ደሴት ሲመሽግ፣ ያቁት ኻን ቀጥሎ አጠገቧ ያለችውን ኡንደሪን ይዞ መለሰለት።

የእንግሊዝ ኩባንያ ከሙጋሎች ጋር በተዋጋ ጊዜ ግንኙነቱ ተገለበጠ። ያቁት ኻን በሚያዝያ 1689 ጦሩን በሰውሪ አወረደ፤ ማዛጋኦንን ይዞም እንግሊዞችን በምሽጋቸው ውስጥ ከበባቸው። ቀድሞ በፈቃድ ይከርምበት በነበረው ወደብ የዚያን ዓመት ክረምት በኃይል ከረመ። ኩባንያው ለአውራንግዜብ ይቅርታ ጠይቆ 150,000 ሩፒ ከተቀጣ በኋላ በሰኔ 1690 ጦሩን አንሥቶ ሄደ።

ያቁት ኻን በ1706 አካባቢ ዐረፈ፤ መቃብሩም በጃንጂራ አቅራቢያ በኮክሪ ይገኛል። የሲዲዎቹ ግዛት እስከ 1948 ጸንቶ ኖረ። የዚህ አዛዥ ሕይወት እንደሚያሳየው፣ የባሕር ኃይል የሚለካው በመድፍ ብዛትና በምሽግ ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ ማዕበሉ በሚነሣበት ወቅት መርከቡንና ሠራተኛውን የሚያስጠጋ ወደብ በማግኘትም ጭምር ነው። በባርነት ባሕር የተሻገረው ወገን ከመርከብ ጠባቂነት ተነሥቶ ነገሥታትና ነጋዴዎች የሚፈልጉት ኃይል የሆነው ይህን የክረምት ሒሳብ ጠንቅቆ በማወቁ ነበር።